ባዶውን መኪና ቁጠሩ

አዳማ ውስጥ ከጭነት መኪና ሹፌር ጋር ሻይ ከጠጣችሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሁለት ነገር ላይ ያርፋል፤ መንገዱና መመለሻው። ስለ ጭነቱ ብዙም አያወራችሁም። ስንዴ ይሁን ማዳበሪያ ወይም ቆርቆሮ፣ ለእሱ ኩንታል ያው ኩንታል ነው። መንገዱ ግን ሰላም ውሎ ሰላም ማደሩ ነው። መመለሻው ደግሞ ትርፉ። ሄዶ የቀረ መኪና ለባለንብረቱ ዕዳ ነው። ለሹፌሩ ቤተሰብ ጭንቀት ነው።

ይህን ወሬ ደጋግሜ ስሰማ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ግጭት ወዳለበት አካባቢ ስለሚላክ እርዳታ ዜና ሲነገር የሚቆጠረው ሁልጊዜ የተነሣው መኪና ነው። «ይህን ያህል ተሽከርካሪ እህል ጭኖ ተንቀሳቀሰ» ይባላል። ባንዲራ ይውለበለባል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግረን የለም። እኔ ግን መቁጠር ያለብን ባዶውን የተመለሰውን ነው ባይ ነኝ። ነገሩ ወዲህ ነው።

አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በጅቡቲ ነው። በመርከብ የሚመጣው የእርዳታ እህልም በአብዛኛው እዚያው ይራገፋል። መኪናው በጋላፊ ይገባል። ሚሌ ሲደርስ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይታጠፋል። ሌላው በአዋሽ በኩል ወደ እኛ ይመጣል። ባቡሩም በአዳማ ነው የሚያልፈው። የመንግሥት የመጠባበቂያ እህል መጋዘን እዚህ አለ። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም እዚሁ ማከማቻ አለው። ስለዚህ የአዳማ ሰው እርዳታን በቴሌቪዥን ብቻ አይደለም የሚያየው። ጫኝና አውራጁ ጎረቤቱ ነው። ሹፌሩ አማቹ ነው። ማታ ማታ ተሳቢው ከርቀት ሲመጣ የሞላው ያቃስታል፣ ባዶው ይንኳኳል። ጆሮ ይለየዋል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ ሬሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ሲደመር 17 ኪሎ ገደማ። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይጭናል ብንል አንዱ መኪና 2,300 ያህል ሰው ለአንድ ወር ይቀልባል። ለ1 ሚሊዮን ሰው በየወሩ 425 የመኪና ጭነት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። 425 ጭነት ማለት 425 መኪና ማለት አይደለም። የሚመላለሱት እነዚያው መኪኖች ናቸው። አንዱ መኪና በወር ሦስት ጊዜ ደርሶ ከተመለሰ 140 መኪና ገደማ ይበቃል። በወር አንዴ እንኳ ካልተመለሰ 425ም አይበቃም፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ 425 መፈለግ አለበት። ከየት ይመጣል? ማዳበሪያው አለ፣ ሲሚንቶው አለ፣ ገበያው አለ። የአገሪቱ መኪና ሁሉ እርዳታ አይጭንም።

«በአውሮፕላን ለምን አይጣልም?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ ተሞክሯል። መኪና ጨርሶ የማይደርስበት ተራራ ላይ ላለ ሰው ነፍስ አድን ነው። ግን አንድ ሄርኩለስ አውሮፕላን የሚይዘው 20 ቶን ገደማ ነው። የአንድ ተሳቢ ግማሽ። ዋጋው ደግሞ አይወራም። ሚሊዮኖችን የሚያበላው መኪና ነው።

የትግራይን ጦርነት ላንሳ። የመኪናን ነገር እንደዚያ ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ጊዜ የለም። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ተጀመረ። በሰኔ 2013 የወጣው የምግብ ዋስትና ግምገማ ከ350 ሺህ በላይ ሰው በመጨረሻው የረኃብ ደረጃ፣ ማለትም በአምስተኛው ላይ ነው አለ። የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ደግሞ 5.2 ሚሊዮን ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በቀን 100 መኪና መግባት አለበት ይል ነበር። በእኔ የአዳማ ሒሳብ ለምግቡ ብቻ በወር 2,200 ጭነት ይሆናል። መድኃኒቱ፣ ድንኳኑ፣ ዘሩ ሲጨመርበት የእነሱ ቁጥር ከእኔ ብዙም አይርቅም።

ምን ሆነ? ከሐምሌ 5 ቀን 2013 ጀምሮ 445 የጭነት መኪናዎች በሰመራ በኩል ትግራይ ገቡ። እስከ መስከረም መጀመሪያ የተመለሱት 38 ናቸው። ይህን የተናገረው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ራሱ ነው። ወዲያው ንትርክ ሆነ። በመንግሥት ወገን መኪኖቹ ለጦርነት ውለዋል ተባለ። በትግራይ ወገን ደግሞ መመለሻ ነዳጅ የለም፣ ሹፌሮችም በመንገድ ላይ ይንገላታሉ ተባለ። የማን ጥፋት ይበልጣል የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው። የቆሙት 407 መኪኖች ግን አንዴ ብቻ ተመልሰው ቢጭኑ ኖሮ 950 ሺህ ለሚሆን ሰው የወር ቀለብ ነበሩ። በዚያው መስከረም ውስጥ መንግሥት 7 የተባበሩት መንግሥታት ኃላፊዎችን በጣልቃ ገብነት ወንጅሎ ከአገር አስወጣ። ከታኅሣሥ 2014 መጀመሪያ አካባቢ እስከ መጋቢት መጨረሻ ደግሞ አንድም የእርዳታ ኮንቮይ በየብስ አልገባም።

መኪና ለምን ይቀራል? ሹፌሮችን ብትጠይቁ መልሱ እንደ ፖለቲከኞቹ የተወሳሰበ አይደለም። ናፍጣ ለመሄጃ ቀድተህ ትነሣለህ። ለመመለሻው ከሄድክበት ትቀዳለህ ብለህ ነው። እዚያ ማደያው ከተዘጋ ቆመሃል። ጎማ ከፈነዳም ቆመሃል። ለጎማው ገንዘብ ብታገኝ እንኳ ባንክ ተዘግቷል። ኬላ ላይ ኩንታሉ ሁሉ ይውረድና ይፈተሽ ከተባለ አንድ ቀን ሄደ፤ ሁለት ቀንም ሊሄድ ይችላል። ወረፋ ይዘህ መኪናህ ሥር አንጥፈህ ትተኛለህ። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ዛሬ የለም። ነገ ቅዳሜ ነው። ይህ ሁሉ በሪፖርት ላይ «የተደራሽነት ችግር» ተብሎ በሁለት ቃል ያልቃል።

ነዳጁ ደግሞ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። ትልቁ ተሳቢ ዋናው ከተማ ድረስ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚወስደው ትንሹ መኪና ነው። በመጋቢት 2014 ተኩስ ይቁም ተብሎ ኮንቮዩ እንደገና መግባት ሲጀምር እህሉ መቀሌ ደረሰ፤ ወደ ገጠሩ ለማድረስ ግን ነዳጁ አልበቃም። መቀሌ መጋዘን ውስጥ ያለ ስንዴ ለተንቤን ገበሬ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በነሐሴ 18 ጦርነቱ ሲያገረሽ የትግራይ ኃይሎች ከመቀሌ 12 ቦቴ፣ 570 ሺህ ሊትር ነዳጅ መውሰዳቸውን የተባበሩት መንግሥታት ተናገረ። እነሱ ደግሞ ያበደርነውን ነው የወሰድነው አሉ። ብድርም ሆነ ዘረፋ፣ ነዳጁ ሲሄድ እህሉ ባለበት ቀረ።

እስካሁን ስለ ስንዴ ነው ያወራሁት። አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ስንዴ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን አያድንም።

ብዙ ሰው «የምግብ እርዳታ» እና «የሥርዓተ ምግብ እርዳታ» አንድ ይመስሉታል። ስሙም አሰልቺ ስለሆነ አልፈርድበትም። ልዩነቱ ግን የሞት ሽረት ነው። በጣም የተጎዳ ልጅ አንጀቱ እንጀራም ዳቦም አይቀበልም። የሚለየው በቀላል ነገር ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የግራ ክንዱ መሐል በባለ ቀለም ጥብጣብ ይለካል። አረንጓዴው ደህና ነው። ቢጫው ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አሳሳቢ ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው። ሌላም ምልክት አለ። የልጁን ሁለት እግሮች በአውራ ጣት ተጭናችሁ ስትለቁት የጣታችሁ ጉድጓድ ከቀረ፣ ያ ውፍረት አይደለም። እብጠት ነው። «ወፍሯል» ብላ የተደሰተች እናት ልጇ እየሞተባት ሊሆን ይችላል።

ለእነዚህ ልጆች የሚሰጠው ሰዉ ፕላምፒናት የሚለው ነው። ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተደባልቆ ይታሸጋል። አንዷ ፓኬት 92 ግራም ናት፤ 500 ካሎሪ አላት። ውሃ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ልጁ ከፓኬቷ ጫፍ ይጠባታል። ይህ ባይኖር ኖሮ ልጁ የግድ ሆስፒታል ተኝቶ፣ በሰዓት የሚለካ ወተት እየተሰጠው መታከም ነበረበት። ሕመም የተደራረበበትና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ልጅ አሁንም እንደዚያ ነው የሚታከመው። ሌላው ግን ቤቱ ሆኖ ይድናል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ይህ ቤት ውስጥ የማከም ዘዴ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሐዲያ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ገደማ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ነገር ከእኛ ቀበሌዎች ነው የተነሣው። ምግቡም ቢሆን ሁሉም ከባሕር ማዶ አይመጣም፤ ለገጣፎ ያለው ሂሊና ፋብሪካ ያመርተዋል። የባቢሌ ኦቾሎኒ ያላት አገር በዚህ ብዙ መሥራት በቻለች ነበር፤ ኦቾሎኒው በአያያዝ ጉድለት የሚይዘው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ እያመጣ አስቸገረ እንጂ።

አንድ ልጅ ለመዳን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ አንድ ካርቶን፣ 150 ፓኬት ገደማ ይጨርሳል። ካርቶኑ 14 ኪሎ አይሞላም። አስቡት። ከአንድ ኩንታል ስንዴ ክብደት 7 ካርቶን ይወጣል። የ7 ልጆች ሕይወት ማለት ነው። እዚህ ላይ የቶን ቁጥር ምንም አይነግረንም። በአንድ ተሳቢ 2,800 ካርቶን ይጫናል ብላችሁ ደግሞ አትደሰቱ። ካርቶኑ በአንድ ጊዜ ለእናትየው አይሰጥም።

እናትየው በየሳምንቱ መመለስ አለባት። በየሳምንቱ ልጁ ይመዘናል፣ ክንዱ ይለካል፣ እግሩ ይታያል፣ ለሚቀጥሉት 7 ቀናት የሚበቃው ይሰጣታል። ካርዱ ላይ ይጻፋል። ሁለት ጊዜ ተከታትላ ከቀረች «አቋርጧል» ይባላል። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ይህ ቀላል አይደለም። ጤና ኬላው ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ሊሆን ይችላል። ቤት ሌሎች ልጆች አሉ። እርሻ አለ፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ። ግጭት ሲጨመርበት ያ መንገድ ይዘጋል። ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ ተፈናቅላለች። ወይም ጤና ኬላው ተዘርፏል፤ ሚዛኑ ሳይቀር።

እንግዲህ ሹፌሩና እናትየው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ሄዶ መመለስ የሚቻልበት መንገድ ነው። አንድ ቀን ተከፍቶ፣ ካሜራ አልፎበት፣ በማግሥቱ የሚዘጋ መንገድ ለስንዴ ትንሽ ይጠቅማል። ስንዴ ይቀመጣል። ለሕፃን ግን አይሠራም። በሦስተኛው ሳምንት ሕክምናው የተቋረጠበት ልጅ ተመልሶ ይወድቃል፤ ሲመጣም ከነበረበት ብሶ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ከሌለ ፓኬቷን አንድ ልጅ ብቻውን አይበላትም። እናት አምስት ልጆቿ እያዩ ለአንዱ ብቻ ልትሰጥ? ማን ይችለዋል? ትከፋፈላለች። አንዳንዴም ትሸጥና በብሩ እህል ይገዛል። ይህን «ብልሹ አሠራር» ብለው የሚጽፉ አሉ። ደፍረው በሦስት ልጆች ፊት ይሞክሩት። ስለዚህ የሕፃኑ ሕክምናና የቤተሰቡ ስንዴ አብረው ካልደረሱ ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ዛሬ አገገመ የተባለው ልጅ በወሩ ይመለሳል። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች፣ ቢጫው ላይ ላሉ ልጆችም እንዲሁ የሚሰጥ የተመጣጠነ ዱቄት አለ። የድሮው ሰው ሁሉንም «ፋፋ» ይለዋል። ስሙ ያምራል፤ ልጁ ደልቦ አደገ እንደማለት ነው። ቢጫው ላይ ያለውን ልጅ ፋፋ መስጠት ቀዩ ላይ ከደረሰ በኋላ ከማከም በእጅጉ ይረክሳል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ግን ይኸው ነው።

ስንዴውም ቢሆን እንደደረሰ አይበላም። ይፈጫል። ለመፍጨት ወፍጮ ቤት፣ ለወፍጮ መብራት ወይም ናፍጣ፣ ለባለ ወፍጮው ብር ያስፈልጋል። ብር የሌላት ሴት ከስፍሯ ቀንሳ ትሸጥና የቀረውን ታስፈጫለች። መብራት በተቆረጠበት አካባቢ ደግሞ በድንጋይ ትፈጫለች፣ ወይ ንፍሮ ትቀቅላለች። ከዚያም የቀበሌው ሰው «እኛም ተርበናል» ይላል። እውነቱን ነው። ስም ዝርዝሩ ላይ 200 አባወራ አለ፤ የተራበው 400 ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና ያካፍላሉ። በወረቀት 15 ኪሎ የነበረው ቤት ሲደርስ 7 ኪሎ ይሆናል። በሪፖርቱ ግን ያው 15 ነው።

ስለ መሸጥ ካነሣን 2015ን መዝለል አይቻልም። ጥቅምት 23 በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ተፈረመ። ኅዳር ላይ መኪኖች በጎንደር በኩል ጭምር ወደ ትግራይ መግባት ጀመሩ። ሁሉም ሰው ተነፈሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ የእርዳታ ስንዴ በገበያና በዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ተገኘ ተባለ። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ ለትግራይ፣ በሰኔ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ስደተኞች ሳይቀሩ። እርዳታው እንደገና ሰፋ ብሎ የተጀመረው 2016 ከገባ በኋላ ነው። የሰረቀው ሰው አልተራበም። የተራበው ምንም ያልሰረቀው ነው። ቁጥጥር መኖር እንዳለበት ማንም አይክድም። ግን ለወራት ሁሉንም ዘግቶ ሌባ መፈለግ ቤት ውስጥ አይጥ ገባ ብሎ ጣሪያ እንደ ማፍረስ ነው። ደግሞ እኔ በያዝኩት መለኪያ ብንቆጥር ኖሮ ስርቆቱ ቀድሞ ይታይ ነበር። ጭኖ የወጣውን ብቻ የሚቆጥር ሰው እህሉ የት እንደተራገፈ አይጠይቅም።

አሁን ደግሞ አማራ ክልል አለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ያለው ግጭት ከትግራዩ የተለየ መልክ አለው። እዚያ አንድ ትልቅ በር ነበር፤ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል። እዚህ የሚዘጋው ብዙ ትንንሽ መንገድ ነው። ዛሬ ያሳለፈ ኬላ ነገ አያሳልፍም። የእንቅስቃሴ እገዳ ይታወጅና መኪና ሁሉ ባለበት ይቆማል። ኮቴ የሚቀበለው ይበዛል፤ ደረሰኝ የሚሰጠው የለም። በአንዳንድ የኦሮሚያ አካባቢዎችም ነገሩ ይመሳሰላል። እገታ የሹፌሮች የዘወትር ወሬ ሆኗል። አንድ ትልቅ በር ሲዘጋ ቢያንስ የዓለም ዜና ይሆናል። ሠላሳ ትንንሽ በሮች ሲዘጉ ዜናም አይሆኑም።

የእርዳታ ሠራተኛውም እንደ ሹፌሩ ነው፤ ካልተመለሰ አይሄድም። በሰኔ 2013 የድንበር የለሽ ሐኪሞች 3 ሠራተኞች ትግራይ ውስጥ ተገደሉ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ በበርካታ ከተሞች ሥራውን አቆመ። ሦስት ሰው ሲገደል የሚጎዳው ሦስት ቤተሰብ ብቻ አይደለም። እነሱን የሚጠብቀው ወረፋ ሁሉ ነው። ሕጉ አለ። ሲቪልን ማስራብ የጦርነት መሣሪያ መሆን እንደሌለበት የጸጥታው ምክር ቤት በግንቦት 2010 በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ ቁጥሩ 2417 ይባላል። ኬላ ላይ ለቆመ ታጣቂ ግን ይህን ቁጥር ብትነግሩት የታርጋ ቁጥር ነው የሚመስለው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ገንዘቡ መጣ፤ ማለቴ ሄደ። በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አቆመች። የተራድኦ ድርጅቷም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተዘጋ። በሚያዝያ 2017 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ 650 ሺህ ለተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና በገንዘብ እጥረት ለማቋረጥ መገደዱን አስታወቀ። ቢጫው ላይ ያሉት ማለት ነው። ከላይ ያልኩት ደረሰ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለትልቁ ጥያቄ፣ ለሰላሙ፣ መልስ የለኝም። ለትንንሾቹ ግን መልስ አላቸው ከሚባሉት አንዳንዶቹን ላንሳ።

የመጀመሪያው አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ክረምት ሳይገባ፣ መንገዱ ሳይዘጋ እህሉን ወረዳ ማድረስ። በሰላም ጊዜ ይህ የሚያከራክር አይደለም። በግጭት ጊዜ ግን የሞላ መጋዘን ጠላት ይጠራል። በኅዳር 2014 ኮምቦልቻ የነበሩ የእርዳታ መጋዘኖች በትግራይ ኃይሎች አባላትና በአንዳንድ የአካባቢው ሰዎች መዘረፋቸውን የተባበሩት መንግሥታት ገልጿል። የተጎዱ ሕፃናት ምግብ ጭምር ነው የተወሰደው። በዚህ ምክንያት ኮምቦልቻና ደሴ ላይ እደላው ቆመ። ስለዚህ እኔ የምደግፈው አንድ ትልቅ መጋዘን መሙላትን አይደለም። በሰው ቤት ማስቀመጥን ነው። የሁለት ወር ስፍር በአንዴ ስጡ። እናት ጎተራዋን ከማንም በላይ ትጠብቃለች።

ለሕፃናቱም እንዲሁ። መንገዱ ካልታመነ በየሳምንቱ ኑ ማለት ይቅር። የሁለት ሳምንት ወይም የወር ፓኬት በአንዴ ይሰጥ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በችግር ጊዜ ይሠራበታል። ጥብጣቡም ለእናቶች ይሰጥ። ክንድ መለካት ዲግሪ አይጠይቅም። መለካቱን የተማሩ እናቶች ልጃቸውን ራሳቸው እየለኩ ቀይ ሲሆን ቶሎ እንዲያመጡ ማድረግ ይቻላል።

ገበያ ባለበት ቦታ ብር መስጠት ከስንዴ ይሻላል። ብር ተሳቢ አይፈልግም። ግን ባንክ ከተዘጋ፣ ኔትወርክ ከጠፋ፣ ገበያው ላይ እህል ከሌለ ብር ወረቀት ነው። እያንዳንዱን ገበያ ማየት ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ሹፌሩ። ከትልልቅ ስብሰባዎች ላይ የማይጠራው ሰው እሱ ነው። ለቆመበት ቀን ይከፈለው። መመለሻ ናፍጣው በውሉ ውስጥ ይግባ። መኪናው ቢቃጠል ኢንሹራንሱ ጦርነት ነው ብሎ እንዳይሸሽ አስቀድሞ ይነጋገሩበት። ቢታገት የሚደውልለት አንድ የሥራ ኃላፊ ይኑር። አንድ ባለ መኪና አንዴ ልኮ ሁለት ወር ከቆመበት በሚቀጥለው ጨረታ አይገባም። ወይም በእጥፍ ዋጋ ይገባል። ያ እጥፍ ዋጋ የሚቀነሰው ከማን ስፍር እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ሪፖርት የሚጽፉትን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ። «የተላከ» የሚለው አለ፣ «የደረሰ» የሚለው አለ። «ባዶውን የተመለሰ» የሚል ይጨመር፣ ከነቀኑ። ከጎኑ የልጆቹን ካርድ አስቀምጡት። መኪናው በ5 ቀን የተመለሰበት ወረዳ ውስጥ የአራተኛው ሳምንት ሣጥን ተሞልቶ ታገኙታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። መኪናው የቀረበት ወረዳ ውስጥ ሣጥኑ ባዶ ነው፤ የልጁ ስም ግን አሁንም እላይ ተጽፎ አለ።